የዶናሲያኖ ኦሪሃኑ ሕይወትና ተቀባይ ያጣው «ቅዱስ»

እስትንፋስን የሚሰጥ፣ በወደደውም ጊዜ መልሶ የሚወስድ እግዚአብሔር ይመስገን። የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከባሕሩ ዳርቻም ከላይኛው ወንዝም ዝናቡና ጭቃው ሳያግዳችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ በዋይሃኒ ቁምስናችን አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የዘመርነውን የቅዳሴ ዜማ በገዛ አገራችን ቀርከሃ የደረሱልንን የአቶ ዶናሲያኖ ኦሪሃኑን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት እኔ ፒዮ ታሮሃ ነኝ። የባለቤታቸው የሮዛሊና ታላቅ ወንድም፣ የሟቹም አማች ነኝ።

ያዘዙኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው። መናገር ካቃታቸው በኋላ በልጃቸው በሊዮኒዚያ ደብተር ላይ «ፒዮ ያንብብ» ብለው ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። መልእክቱ ሲደርሰኝ ደስ አላለኝም። ዕድሜ ልኩን ሌባ እያለ ሲያማው የኖረውን ሰው «ና ዜና ሕይወቴን ጽፈህ አንብብልኝ» የሚል ሰው አንድ ያሰበው ነገር ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ፤ ስጠረጥር ደግሞ ምግብ አይጥመኝም። እዚህ አጠገቤ የቆመው የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪያችን ሲልቨርዮ ትናንት ወረቀቱን ልየው ብሎ ሁለት ቦታ ሰርዞብኛል። የሰረዘውን ከጀርባው መልሼ ጽፌዋለሁና፣ ሲልቨርዮ፣ አትድከም፣ ሙሉውን ነው የማነበው።

አቶ ዶናሲያኖ ከአባታቸው ከኡሬሆሲና ከእናታቸው ከሂኑአዋ በላይኛው ወንዝ በሃውራሃ መንደር የተወለዱት የጦርነቱ አውሮፕላኖች ከሰማያችን ላይ በጠፉ በዓመቱ ሲሆን፣ የሚስዮኑ መዝገብ በግምት 1946 ብሎ አስፍሮታል። እናታቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መዝገቡን አላመኑትም፤ «ልጁን ስወልድ የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ ጸሐፊው?» ይሉ ነበር።

አባታቸው ኡሬሆሲና አባቴ ዋሬሂ የሥጋ ወንድማማች ባይሆኑም የዋሽንት ባልንጀሮች ነበሩ። ከዋና ከተማችን ከሆኒያራ ለመጡት የልጅ ልጆች ስል ይህን ላስረዳ። አኡ የምንለው፣ ቀርከሃው በየቁመቱ ተለክቶ፣ ተቆርጦና ጎን ለጎን ታስሮ የሚነፋው ዋሽንታችን ብቻውን ሙሉ ዜማ አያወጣም፤ የዜማው ግማሽ ድምፅ በአውራጁ እስር፣ ግማሹ በተቀባዩ እስር ውስጥ ስለሆነ፣ አውራጁ ትንፋሹን ሲገታ ተቀባዩ ያችን ክፍተት እየሞላ፣ ተቀባዩ ሲገታ አውራጁ እየገባ ነው አንድ ዜማ የሚሆነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ዜማ ሁለት ቤት አለው። የአውራጁ ቤት የተቀባዩን ድርሻ አይነፋም፣ ለልጁም አያስተምርም፤ የተቀባዩም ቤት እንዲሁ፤ ይህን የተላለፈ ሰው የሌላውን ሬሳ ከመቃብር እንዳወጣ ይቆጠራል። የሁለቱ አባቶቻችን ዜማ «ጠብታ» ይባላል፤ ከቅድመ አያቶቻችን አንዱ፣ ሕፃን በሞተበት ቤት ተቀምጠው ሳለ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጣሪያው ቅጠል የሚንጠባጠበውን ውሃ ሰምተው ያገኙት ነው፣ የሚነፋውም ከሁለቱ ቤት ሰው የሞተ ዕለት ብቻ ነበር። አውራጁ የኡሬሆሲ ቤት፣ ተቀባዩ የእኛ ቤት ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች ለመጠመቅ ወደ ባሕሩ ዳር በወረዱ ጊዜ ሟቹ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የነበሩት አባት ቀርከሃ አጋንንት የሚጠራበት ዕቃ ነው ብለው ስላመኑ፣ መጠመቅ የሚሻ ሁሉ ዋሽንቱን ይዞ መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲያቃጥል አዘዙ። ኡሬሆሲ የራሳቸውን አቃጠሉ፤ ቀርከሃው በእሳት ሲፈነዳ ከእያንዳንዱ ፍንዳታ ጋር ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር ሲሉ ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ። አባቴ ባዶ እጃቸውን መጥተው «የእኔን ምስጥ በላው» አሉ። አባቴ ውሸት አይችሉበትም ነበር፤ ምስጡ የት እንዳለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ጣሪያችን ውስጥ ነው።

ሟቹ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በንባብም በሒሳብም መካከለኛ፣ በመዝሙር ግን የሚደርስባቸው ያልነበረ ተማሪ ሆነው ቆዩ። ታሮ በምንለው የጎደሬ ማሳ ላይ አባታቸው እየቆፈሩ በፉጨት የአውራጁን ድርሻ ያስተምሯቸው ነበር፤ ፉጨቱ እየቆመ፣ ዝም እያለ፣ እንደገና እየተነሳ ይሄዳል። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ሳያስቡት ሲያፏጩ መምህሩ ያዟቸውና ሦስት ቀን ከውጭ በፀሐይ አንበረከኳቸው። መምህሩ በራሳቸው ሰምተው አልነበረም የያዟቸው፤ ፉጨቱ የምን ፉጨት እንደሆነ ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሲልቨርዮ የሰረዘው አንዱ መስመር ይህ ነው። ሟቹ ማን እንደነገረባቸው አላወቁም፣ ወይም አውቀው ዝም ብለውኛል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ከትምህርት በኋላ በኮኮናት እርሻ ላይ ኮፕራ የሚባለውን የኮኮናት ሥጋ በማድረቅ ስድስት ዓመት ሠርተው በ1968 ወደ ዋይሃኒ ሲመለሱ ይዘው የመጡት አንድ ሣጥንና የማይለቃቸውን የቤቴል ፍሬ ማኘክ ነበር። ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ፍሬውን ከኖራ ጋር ከማለዳ እስከ ማታ ሲያኝኩ ከንፈራቸው ደም የመሰለ ቀይ ነበር፤ የቀመሱበት ጽዋ፣ የገለጡት የመዝሙር መጽሐፍ፣ የነፉት ቀርከሃ ሁሉ ይቀላል። ቀርከሃ ደግሞ ያን ቀለም አንዴ ከጠጣ አይለቅም። እኛ ቤት ግን ቤቴል የሚያኝክ ወንድ አልነበረም፤ አባቴ በጥርሳቸው ሕመም ምክንያት ገና በወጣትነታቸው ትተውት ነበር፣ እኔም ሚስዮኑ ስላልወደደው አልነካሁትም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1970 እህቴን ሮዛሊናን አገቡ። ሽማግሌ ይዘው የመጡ ዕለት አስተውያቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ሙሽሪት ላይ አልነበረም፣ ጣሪያችን ላይ ነበር። ይህን ለሮዛሊና ስነግራት «ጣሪያው ያፈስ ነበር እኮ፣ ወንድም ዓለም፤ አንገቱ ላይ ሲንጠባጠብበት ወዴት ይይ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ዋሬሂ አረፉና ከቀብር በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቀርከሃቸውን ስፈልግ ቦታው ባዶ ነበር፤ የታሰረበት የገመድ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ያን ጊዜ የሚስዮኑ ትምህርት ቤት መምህርና ለሃይማኖቴ ቀናተኛ ነበርኩ፤ ቀርከሃውን ለምን እንደፈለግሁት ወደ መጨረሻው እናገራለሁ። ለጊዜው ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቼን ሌባ ማለት መጀመሬን ብቻ እወቁልኝ። ፊት ለፊት አላልኳቸውም፤ ከኋላቸው ግን ያልነገርኩት ሰው የለም።

በ1974 አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲያልቅ የያኔው ቆሞሳችን አባ ሉሲያን፣ ቅዳሴው በገዛ ቋንቋችንና በገዛ መሣሪያችን እንዲሆን ጳጳሱ ፈቅደዋልና የድሮውን ቀርከሃ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ ብለው ከቅዳሴ በኋላ አስታወቁ። መንደሩ ተሸበረ። ትናንት አቃጥሉ ያለ ዛሬ ንፉ ሲል ማን ያምነዋል? የሟቹ እናት ሂኑአዋ በደጃቸው ተቀምጠው ላለፈ ላገደመው «ወጥመድ ነው፤ ያልተቃጠለ የቀረ ካለ እንዲወጣ ነው እንጂ ለዘፈናችን አዝነው መሰላችሁ?» ይሉ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እንደሳቸው አሰቡና አንድ ሰው ብቻ ወደ አባ ሉሲያን ደጅ ሄደ። እሳቸውም ዶናሲያኖ ናቸው። ሚስዮናውያኑ ጠረጠሯቸው፣ ሙታን ሊጠሩብን ነው ብለው፤ የባህሉ ሰዎች ጠረጠሯቸው፣ ምስጢራችንን ሊሸጡብን ነው ብለው፤ የእኔን ታውቃላችሁ።

ቀርከሃውን የቆረጡት ብቻቸውን ነው። አባታቸው ሳይሞቱ በክንዳቸውና በጣቶቻቸው ስፋት የእያንዳንዱን ዘንግ ልክ አስጠንተዋቸው ስለነበር ዘንጎቹን አስተካክለው፣ ስምንት ጎልማሶችን ሰብስበው፣ ለሁሉም የአውራጁን ድርሻ አስተማሩ። አባ ሉሲያን ሃርሞንየም የሚባለውን የዜማ ሣጥናቸውን ይዘው መጥተው ከዋሽንቱ ጋር ሲሞክሩት አልገጠመም። «ዶናሲያኖ፣ ቀርከሃህ ከድምፁ ወጥቷል» ቢሏቸው፣ «አባ፣ ቀርከሃው ከእርስዎ ሣጥን በፊት እዚህ ነበር፤ የወጣው ሣጥኑ ይሆናል» አሏቸው። አባ ሉሲያንም ለሳምንት ያህል ካኮረፉ በኋላ ሃርሞንየሙን ወደ ዕቃ ቤት መለሱት፤ ምስጥ የበላው በእውነት እሱን ነው።

በዚያው ወር ሟቹ በሦስት የተለያዩ ማለዳዎች በደጄ መጥተው ተቀመጡ። አንደኛው ቀን የታሮ ገንፎ በለውዝ የተሠራ፣ ሁለተኛው ቀን ዓሣ፣ ሦስተኛው ቀን የአሳማ ሥጋ በቅጠል ጠቅልለው በቅርጫት ይዘው ነበር። ሥርዓታችንን ታውቃላችሁ፤ ከሌላ ቤት ነገር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ይቀመጣል እንጂ ቀድሞ አይናገርም፣ የቤቱ ባለቤት «ምን አመጣህ?» ማለት አለበት። እኔ አላልኩም። ጉቦ ነው፣ የሰረቀውን ሊያስፈቅድ ነው አልኩና በጓሮ በር ወጥቼ ዓሣ ላጠምድ ወረድኩ። ስመለስ ሄደዋል፤ ቅርጫቱን የጎረቤት ውሻ ገልብጦታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቡራኬ ዕለት ጳጳሱ ባሉበት «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚባልበት ሰዓት ሲደርስ ስምንቱ ነፊዎች ቆሙና «ጠብታ» ተሰማ። ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ በሴቶቹ በኩል ያሉት አሮጊቶች አልቃሽ እስክታወርድ ሳይጠብቁ ለቅሶ ጀመሩ፤ «ማን ሞተ? የማን ልጅ ነው?» እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ነበር። ጳጳሱ ግራ ተጋብተው ወደ አባ ሉሲያን፣ አባ ሉሲያንም ወደ ዶናሲያኖ ዞሩ። ሟቹም ዋሽንታቸውን ከአፋቸው አውርደው በተለመደው ዝግተኛ ድምፃቸው «የሞተ አለ እንጂ። በየእሁዱ የምናስበው ማን ሆነና?» አሉ። ይህን ቃል የመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ እኔም ሞክሬያለሁ።

እኔን ያበገነኝ ግን ለቅሶው አልነበረም፣ ክፍተቱ ነበር። ዜማው ሄደ ሄደና ተቀባዩ መግባት ባለበት ቦታ ሁሉ ዝም አለ። ስምንት ሰዎች ዋሽንታቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁና በደጁ ለቆሙት ሁሉ «አያችሁ? የሰረቁት ግማሹን ነው፤ የቀረውን ከየት ያምጡት?» አልኩ። ከውስጥ ደግሞ ጳጳሱ እንዲህ ያለ የጸሎት ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ሲሉ ተሰማ። ሟቹ ምስጋናውን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተቀበሉና ፍሬያቸውን ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ዶናሲያኖ ለጸሎተ ሐሙስ፣ ለጥምቀት፣ ለመከርና ለሠርግ ከሠላሳ በላይ ዜማዎች ደርሰዋል፤ አንዱን በጀልባ መቅዘፊያ ድምፅ፣ አንዱን በወንዝ ዳር እንቁራሪት፣ አንዱንም ሴቶች ለውዝ በድንጋይ ሲሰብሩ በሚሰማው ምት ላይ መሥርተው ነው የሠሩት፤ ከላይኛው ወንዝ እስከ ደሴቲቱ ጫፍ ያሉ ቁምስናዎችም ሰው እየላኩ ተምረውባቸዋል። እኔም በየዓመቱ አዲስ የወጣውን እየሰማሁ የማንን ቤት ዜማ ወሰዱ ብዬ ስመረምር ኖሬ አንድም ማግኘት አልቻልኩም፤ አለማግኘቴ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ሰው ይህን ያህል ንጹሕ አይሆንም እል ነበር።

በ1986 ከሆኒያራ የሬዲዮ ሰዎች መጥተው ዜማውን ሲቀዱ፣ አብሯቸው የነበረው የመዘምራን መሪ በክፍተቶቹ ውስጥ ጊታር እንዲገባ አደረገ። ሟቹ ወዲያው አስቆሙ። «ለምን፣ አባት? ባዶ ነው እኮ» ቢላቸው «ባዶ አይደለም። ቦታው ሰው አለው» አሉት። «ሰውዬው ማነው?» «ሲመጣ ታዩታላችሁ።» መቅጃው በዚያው ተዘጋ፣ ሰዎቹም ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ የዋይሃኒ ዜማ በሬዲዮ ሳይሰማ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲልቨርዮ ቦታው የጌታችን ዳግም መምጫ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ሰብኮበታል፤ እኔ ደግሞ ስለ ራሳቸው ነው የሚናገሩት፣ ምን ያለ ትዕቢት ነው አልኩ። ሁለታችንም አልጠየቅናቸውም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ጀልባ ላይ ሆነው፣ ሚስዮኑ በማይሰማበት ርቀት፣ የተቀባዩን ድርሻ በፉጨት ያስተምሩኝ ነበር። መምህር ከሆንኩ በኋላ ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ፣ ያች ክፍተት ስትደርስ፣ ከንፈሬን ገጥሜ ቁጭ እላለሁ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ግን ዜማው ይሄዳል። ሟቹ ከፊት ቆመው ያን ጊዜ ሁልጊዜ ወደ እኔ ወንበር ያዩ ነበር። ሊያበሽቁኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞር ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በአፋቸው ውስጥ የወጣው ቁስል አልሽር ብሏቸው በመርከብ ወደ ሆኒያራ ተወሰዱ፤ ሐኪሞችም የቤቴሉ ጦስ እንደሆነ ነግረው የሚቻለውን አድርገውላቸው መለሷቸው። ከዚያ በኋላ መንፋት፣ ቀጥሎም መናገር አልቻሉም። ነፊዎቹን በእጃቸው ምልክት ያስተምሩ ነበር፤ ክፍተቱ ሲደርስ መዳፋቸውን ዘርግተው ይይዙታል፣ ማንም እንዳይገባበት። ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በወንበራቸው ተቀምጠው ልምምድ ሲያዳምጡ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

አሁን ሲልቨርዮ ወደ ሰረዘው ሁለተኛ ቦታ ደርሻለሁ። ዜና ሕይወት የሚጽፍ ሰው መጠየቅ ግድ ነውና ከትናንት በስቲያ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወደ እህቴ ሄድኩ። የጋብቻውን ዓመት ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ፤ የልጆቹን ልደት ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ከዚያ፣ ሐዘን ላይ ላለች ሴት እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን እያወቅሁ፣ «እንግዲህ ሰውዬው ሞቷል፤ የአባባ አኡ የት አለ?» አልኳት። ሮዛሊና የምትልጠውን ታሮ አስቀመጠች።

«ጠየቅህ?» አለችኝ።

«ጠየቅሁ።»

ተነስታ ገባችና በሰሌን የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች፤ ጭኔ ላይ አኖረችው። የአባቴ ቀርከሃ ነበር። «አባባ ሊሞቱ ሲሉ የሰጡት ለእኔ ነው» አለች። «"ፒዮ ካገኘው ያቃጥለዋል፣ ደብቂው፤ በልቡ ፈልጎት የት አለ ብሎ የጠየቀሽ ቀን ግን ስጪው" አሉኝ።»

«አርባ ሰባት ዓመት! ታዲያ ምን ትጠብቂ ነበር?»

«ጥያቄውን ነዋ፣ ወንድም ዓለም። ተሰረቅሁ ስትል ኖርክ እንጂ አንድ ቀን የት አለ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

«ዶናሲያኖ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ። በየዓመቱ ያወርደዋል፣ በለውዝ ዘይት ያሸዋል፣ ገመዱን ይቀይራል፣ ይመልሰዋል። ልንገረው ስለው እንኳ "የአባትሽን ቃል አንሰብርም፣ ይጠይቅ" ይለኛል። ወረቀቱን አንተ እንድትጽፍ ያደረገው ለምን ይመስልሃል?»

እኔ እንዲህ ሲነገረኝም ወዲያው የማምን ሰው አይደለሁም። ቀርከሃውን ወደ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ መረመርኩት። ገመዱ አዲስ ነው፣ ቋጠሮውም የግራኝ ነው፤ በዋይሃኒ ግራኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዘንጎቹ አንድም አልተሰነጠቁም። ከዚያ የእያንዳንዱን ዘንግ አፍ አንድ በአንድ እያዞርኩ ቀይ ፈለግሁ። እኚህ ሰው አርባ ሰባት ዓመት በቤታቸው አስቀምጠውት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ አፋቸውን ቢያስጠጉት ኖሮ ቀይ ይሆን ነበር። የአባቴ ከንፈር ያለሰለሰው ቦታ እንደ ነጣ ነው። ምንም የለም። እዚያው ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እህቴም ታሮዋን መላጥ ቀጠለች።

እንግዲህ ያስቀረሁትን ልናገር። አባቴ በሞቱ ዕለት ጣሪያው ላይ የወጣሁት ቀርከሃቸውን ለቅርስ ፈልጌው አይደለም፤ ላቃጥለው ነበር። ኪሴ ውስጥ ክብሪት ነበረ። ባህላችን፣ የቤቴ ዜማ እያልኩ መጮህ የጀመርኩት ጳጳሱ ካመሰገኑት ወዲህ ነው። አባቴ ልጃቸውን በትክክል ጠርጥረውታል፤ ሌባ ያልኳቸው ሰው ደግሞ የእኔን ንብረት ከእኔው ሲጠብቁልኝ ኖሩ። በቅዳሴው ውስጥም ያስገቡት የራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነው፤ የእኔን ግማሽ ላስፈቅድ ብለው ሦስት ማለዳ ደጄ ተቀመጡ፣ ምን አመጣህ አላልኳቸውም፣ ስለዚህ ቦታውን ክፍት ትተው ጠበቁ። አንድ ያሰቡት ነገር አለ ብዬ ነበር። በጥርጣሬዬ ሁሉ ልክ የሆንኩት በዚህ ብቻ ነው።

አቶ ዶናሲያኖ ኦሪሃኑ ባለቤታቸውን ሮዛሊናን፣ ልጆቻቸውን መምህርት ሊዮኒዚያን፣ የነፊዎቹን መሪ ካሲሚሮን፣ በሆኒያራ ነርስ የሆነችውን ማርሴሊናን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ ስምንት ነፊዎችንና ይቅርታ ያልጠየቃቸውን አንድ አማች ትተው ተለይተውናል። ዝናቡን የሚያዘንብና የሚያባራ አምላክ ነፍሳቸውን በማያፈስ ጣሪያ ሥር ያሳርፍልን፤ የተጠባበቁትን ሁሉ በዚያ ያግኙ፤ ለእኛም የዘገየነውን ለመፈጸም ዕድሜ ይስጠን። አሜን።

ሥርዓቱ እንደሚያዘው ከሁለቱ ቤት ሰው ሲሞት «ጠብታ» የሚነፋው በሁለቱም ቤት ፈቃድ ነው። የእኛ ቤት ፈቅዷል። ትናንት ከሰዓት ወንዝ ዳር ወርጄ ሞክሬዋለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ስለሆነ ትንፋሼ እንደ አባቴ አይደለም፣ ግን ይደርሳል። ሲልቨርዮ፣ ወረቀቱን ያዝልኝ፣ ሁለት እጅ ያስፈልገኛል። ካሲሚሮ፣ ልጄ፣ የአባትህን ጀምር። ቦታው ሲደርስ ዝም በሉ፣ እንደ ለመዳችሁት። እኔ አለሁ።